መልክ ወይስ አጥንት? የንጥረ ነገሮች ቤተሰብ በምን ይወሰናል?

በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ያለቀ የደቀቀ ነገር ይመስላል። 118 ንጥረ ነገሮች፣ ሰባት አግድም ረድፎች፣ 18 ቋሚ ምድቦች። በቋሚው ምድብ ላይና ታች የተሰለፉት «ቤተሰብ» ይባላሉ፤ የአንዱን ጠባይ ያወቀ የሌላውንም መገመት ይችላልና። ይሁን እንጂ ከተለያዩ መጻሕፍት ሁለት ሦስት ሠንጠረዦችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነት አያጣም። አንዱ ሃይድሮጅንን ከሊቲየም በላይ ያደርገዋል፤ ሌላው ከፍሎሪን በላይ፤ ሌላው ደግሞ ከማንም ሳያጠጋ ብቻውን ይተወዋል። ከይትሪየም በታች ባለው ቦታ አንዱ ላንታነምን፣ ሌላው ሉቴሽየምን ያሰፍራል፤ ባዶ የሚተወውም አለ።

ይህ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። በአገራችን ሰው ዘመዱን የሚለየው በሁለት መንገድ ነው፦ መልክ አይቶ ወይም አጥንት ቆጥሮ። ኬሚስትሪም ከመነሻው እነዚህ ሁለት መንገዶች ነበሩት። መልክ የምንለው ንጥረ ነገሩ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ከምን ጋር ይዋሐዳል? በምን መጠን? ውሕዱስ በውኃ ይሟሟል? አጥንት የምንለው የአቶሙ ውስጣዊ አሠራር፣ በተለይም የኤሌክትሮኖቹ አደራደር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልክና አጥንት ይስማማሉ፤ ሠንጠረዡ ይህን ያህል የጠቀመውም ለዚህ ነው። ያልተቋጩት ክርክሮች በሙሉ የሚነሡት ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ነው።

ሦስት ሦስት ሆነው

ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮአዚዬ በ1789 (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 33 ቀላል አካላትን ዘርዝሮ ነበር። ብርሃንና ሙቀት ሳይቀሩ በዝርዝሩ ገብተዋል። ብረታ ብረቱን በአንድ ወገን፣ ብረት ያልሆኑትን በሌላ ወገን፣ አፈሮችን ደግሞ ለብቻ አስቀመጠ። ይህ ዕቃን በየመደርደሪያው እንደ መለየት ያለ ነው፤ ወርቅና ዚንክ አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡም ዝምድናቸው ምን እንደሆነ አይናገርም።

ዝምድናን በቁጥር ለመያዝ ቀድሞ የሞከረው በጀርመን የጄና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዮሐን ዶበራይነር ነው። በ1817 ካልሲየም፣ ስትሮንሺየምና ባሪየም በጠባይ እንደሚመሳሰሉና የመካከለኛው ክብደት የሁለቱ አማካይ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አስተዋለ። በ1829 ሌሎች ሦስትዮሾችን ጨመረ። የክሎሪን የአቶም ክብደት 35.5፣ የአዮዲን 127 ግድም ነው፤ አማካያቸው 81 ሲሆን ብሮሚን 80 ገደማ ይመዝናል። የሊቲየም 7 እና የፖታሲየም 39 አማካይ 23 ነው፤ የሶዲየም ክብደትም 23። ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር መሆናቸውን ስናስብ መካከለኛው ወንድም በክብደትም በጠባይም መካከለኛ ሆኖ ይገኛል።

ሦስትዮሹ ግን በሩን በሦስት ሰው ላይ ዘግቶ አራተኛውን ዘመድ ውጭ የሚያስቀር ቤት ነበር። በዚያ ላይ ክብደቶቹ ራሳቸው አያስማሙም፤ የውኃ ቀመር እንኳ ከኬሚስት ወደ ኬሚስት ይለያይ ነበር። ይህ የተስተካከለው በ1860 በካርልስሩኸ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ጣሊያናዊው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ ወጥ የክብደት አቆጣጠር ካቀረበ በኋላ ነው። ወጣቱ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭና ጀርመናዊው ሎተር ሜየር ሁለቱም በጉባኤው ነበሩ።

ክብደት ይመራል፣ ጠባይ ይፈርዳል

ከጉባኤው በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ቢያንስ ስድስት ሰዎች፣ በአብዛኛው አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ንጥረ ነገሮች በክብደት ሲሰለፉ ጠባያቸው እየዞረ እንደሚመለስ ደረሱበት። ፈረንሳዊው ደ ሻንኩርቷ በ1862 በሲሊንደር ላይ ጠመዝማዛ መስመር አድርጎ አሳየው። እንግሊዛዊው ጆን ኒውላንድስ በየስምንተኛው ንጥረ ነገር ጠባይ እንደሚደገም ጽፎ በ1866 በለንደን የኬሚስቶች ማኅበር ፊት ሲያቀርብ ተናቀ፤ የዴቪ ሜዳልያን ያገኘው በ1887 ነው።

ሜንዴሌቭ በ1869 የዘመኑን 63 ንጥረ ነገሮች ይዞ ሲነሣ ከሌሎቹ የለየው ክብደትን መሪ ቢያደርግም የመጨረሻውን ፍርድ ለጠባይ መተዉ ነው። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ ክብደት ብቻ ቢታይ ቴሉሪየም ከክሎሪንና ከብሮሚን ጋር፣ አዮዲን ከድኝና ከሴሌኒየም ጋር በተቀመጠ ነበር። ሜንዴሌቭ ግን ጠባያቸውን አይቶ አዮዲንን ወደ ክሎሪን ቤት ወሰደው፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መስሎት ነበር። ልኬቱ ስህተት አልነበረውም፤ አቀማመጡም ትክክል ነበር። በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ቦታ ላይ መድረሱ ሊጤን ይገባዋል፤ የጠባይ ዳኝነት እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚችል ያሳያልና።

ባዶ የተዋቸው ቦታዎች ደግሞ ዝናውን አገነኑት። ከአሉሚኒየም በታች ላለው ባዶ ቦታ የተነበየው ንጥረ ነገር በ1875 ጋሊየም ሆኖ ተገኘ፤ አግኚው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጥግግቱን 4.7 ብሎ ሲያስታውቅ ሜንዴሌቭ 5.9 አካባቢ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ንጥረ ነገሩ በደንብ ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተከተሉ። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እዚህ ላይ አልተስማሙም። አንዱ ወገን ሠንጠረዡ ተቀባይነት ያገኘው በትንቢቶቹ መሳካት ነው ይላል። ሌላው ወገን አስቀድመው የታወቁትን ንጥረ ነገሮች በሥርዓት ማስቀመጡ ቢያንስ እኩል ዋጋ ነበረው ባይ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ትንቢት ያላደረገው ሎተር ሜየር በ1882 የዴቪ ሜዳልያን ከሜንዴሌቭ ጋር እኩል መካፈሉንም ማስረጃ ያደርጋል። ሁለተኛው ወገን ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ሜንዴሌቭ ከተነበያቸው ውስጥ ጨርሶ ያልተገኙም አሉና፣ በትንቢት ብቻ ቢመዘን ሠንጠረዡ ይህን ያህል ባልጸና ነበር።

የከበደው ፈተና ግን የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በ1894 ሎርድ ሬይሊና ዊሊያም ራምዚ ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ከአየር ለዩ፤ አርጎን አሉት። ክብደቱ 40 ገደማ በመሆኑ በፖታሲየምና በካልሲየም አጠገብ ቦታ የለውም። ሜንዴሌቭ መጀመሪያ ላይ ሦስት አቶም ያለው ናይትሮጅን ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ራምዚ በ1895 ሂሊየምን በምድር ላይ፣ በ1898 ኒዮንን፣ ክሪፕተንንና ዜኖንን ሲያገኝ ነገሩ ለየለት፤ የጎደለው አንድ አባል ሳይሆን አንድ ሙሉ ቤተሰብ ነበር። ሠንጠረዡ አዲስ ዓምድ ጨምሮ ተቀበላቸው። ከሌላው ምንም ሳያፈርስ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ማስገባት መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከሦስቱ የተሳኩ ትንቢቶች ይልቅ ለሥርዓቱ ጥንካሬ ይመሰክራል።

አጥንቱ ሲታይ

በ1913 የማንቸስተሩ ወጣት ፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ ንጥረ ነገሮች በኤሌክትሮን ሲመቱ የሚያመነጩትን ኤክስሬይ ለካ። የጨረሩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት ከንጥረ ነገሩ ተራ ቁጥር ጋር በቀጥተኛ ሥርዓት ያድግ ነበር። ይህ ቁጥር በአቶሙ እምብርት ያለው የኃይል ሙላት መጠን፣ በኋላ እንደታወቀው የፕሮቶኖች ብዛት ነው። በቁጥር ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ስለሆኑ ሜንዴሌቭ በጠባይ የፈረደው ጸና። ሞዝሊ በ27 ዓመቱ በ1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ሞተ።

አቶማዊ ቁጥር ተራውን አስተካከለ፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ግን አይናገርም። ያንን ለማስረዳት የተነሣው የኤሌክትሮን ንድፈ ሐሳብ ነው። ኒልስ ቦር በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ባቀረቡት መሠረት ኤሌክትሮኖች በሽፋኖችና በንዑስ ሽፋኖች ይደረደራሉ፤ የውጪዎቹ ብዛትና ዓይነት ሲደጋገም ጠባይም ይደጋገማል። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚመሳሰሉት ሁለቱም በውጭ አንድ ኤሌክትሮን ስላላቸው ነው። ንዑስ ሽፋኖቹ ኤስ፣ ፒ፣ ዲ እና ኤፍ ይባላሉ፤ በቅደም ተከተል 2፣ 6፣ 10 እና 14 ኤሌክትሮን ይይዛሉ። የሠንጠረዡ ክፍሎች ስፋትም ይኸው ነው።

የዚህ ድል ማሳያ ሆኖ የሚጠቀሰው 72ኛው ንጥረ ነገር ነው። አንዳንዶች ብርቅዬ አፈሮች ከሚባሉት የላንታነም ዘመዶች አንዱ እንደሚሆን ጠብቀው ነበር፤ ቦር ግን የዚርኮኒየም ዘመድ ነው አለ። በ1923 ኮስተርና ሄቬሺ በኮፐንሃገን ከዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ አገኙት፤ ሃፍኒየም ተባለ። ሆኖም ከዚርኮኒየም በታች ቦታው ክፍት መሆኑን ኬሚስቶች ከሜንዴሌቭ ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር። መልክና አጥንት አንድ መልስ በሰጡበት ጉዳይ ድሉን ለአጥንት ብቻ መስጠት ሚዛናዊ አይደለም።

አጥንት ብቻውን እንደማይበቃም ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ያሳያሉ። ኒኬል፣ ፓላዲየምና ፕላቲነም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው አያከራክርም፤ የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸው አደራደር ግን በሦስቱም ይለያያል። በኒኬል የመጨረሻው ኤስ ሽፋን ሁለት ኤሌክትሮን አለው፤ በፕላቲነም አንድ፤ በፓላዲየም ምንም። በሌላ በኩል ሂሊየምና ቤሪሊየም ሁለቱም በውጭ ሁለት የኤስ ኤሌክትሮን አላቸው፤ አንዱ ከማንም የማይዋሐድ ጋዝ፣ ሌላው ጠንካራ ብረታ ብረት ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ አደራደር ለዝምድና የግድ አይደለም፤ በቂም አይደለም። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሳያነሡ ያልፋሉ፤ ተማሪውም ኤሌክትሮን ቆጥሮ ቤተሰብ ማወቅ ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስለዋል።

ጥብቅ ዘመድና ላላ ዘመድ

ቤተሰብነት በሁሉም ዘንድ እኩል አይጠብቅም። ከሊቲየም እስከ ሲዝየም ያሉት አልካሊዎች ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም በውኃ የሚነዱ ወይም የሚፈሉ፣ ሁሉም አንድ ኤሌክትሮን ሰጪ ናቸው። በ14ኛው ምድብ ግን ካርቦን ብረት ያልሆነ፣ ሲሊከን መሃል ሰፋሪ፣ እርሳስ ደግሞ ሙሉ ብረታ ብረት ነው። እርሳስ በውሕዶቹ አራት ኤሌክትሮን ከመስጠት ይልቅ ሁለት መስጠት ይቀናዋል። ታሊየም ከአሉሚኒየም ቤት ቢወለድም አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሰጥቶ የፖታሲየምን ጠባይ ይይዛል፤ ሕዋሳት ፖታሲየም መስሏቸው ስለሚያስገቡት ብርቱ መርዝ ሆኗል። ሊቲየም በብዙ ነገሩ ወደ ቀኝ አዘቅዝቆ ማግኒዥየምን ይመስላል፤ ቤሪሊየም አሉሚኒየምን፣ ቦሮን ሲሊከንን። የዚህ ሰያፍ ዝምድና ምንጭ የአቶሙ መጠንና የኃይል ሙላቱ ተመዛዛኝነት ነው፤ ቋሚው ዓምድ አያሳየውም።

ጥብቅ በሚባለው የሃሎጂኖች ቤትም ልዩነቱ በሰውነታችን ውስጥ ይታያል። ክሎሪንን በጨው መልክ በየዕለቱ እንበላዋለን፤ አዮዲን በጨው ላይ የሚጨመረው እንቅርትን ለመከላከል ነው። ፍሎሪን ደግሞ በስምጥ ሸለቆአችን በብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ውስጥ ከሚገባው በላይ ተሟሙቶ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲበዛ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ወንድማማች መሆናቸው አንዱን በሌላው ለመተካት አይፈቅድም።

ስለ ምድቦቹ ቁጥር ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ለዓመታት በሮማ ቁጥርና በሁለት ፊደላት ይጠሯቸው ነበር፤ ፊደሎቹን ግን የሚያስቀምጡት በተለያየ ወገን ስለነበር አንዱ የጻፈው ለሌላው የተገላቢጦሽ ይነበብ ነበር። ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ኅብረት፣ አዩፓክ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ1 እስከ 18 ያለውን ቁጥር አጽድቆ ነገሩን ዘጋው።

ሃይድሮጅን የማን ልጅ ነው?

ለመጀመሪያው ምድብ የሚከራከሩት አንድ ውጫዊ ኤሌክትሮን አለው፣ እሱንም ሰጥቶ አሲድ ይሠራል ይላሉ። በ1935 ዊግነርና ሀንቲንግተን በከፍተኛ ግፊት ሃይድሮጅን ብረታ ብረት እንደሚሆን ተንብየዋል፤ በቤተ ሙከራ ታየ የሚሉት ዘገባዎች ግን አሁንም ያከራክራሉ። ለ17ኛው ምድብ የሚከራከሩት ሃይድሮጅን ሁለት አቶም ሆኖ የሚኖር ጋዝ ነው፣ ሽፋኑን ለመሙላት አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ይጎድለዋል፣ ከሶዲየም ጋር ሲዋሐድም እንደ ክሎሪን ኤሌክትሮን ተቀባይ ይሆናል ይላሉ።

ቁጥሮቹ ለማንም ወገን ሙሉ ድል አይሰጡም። የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን ለመንቀል 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ለሊቲየም 5.4፣ ለክሎሪን 13.0 ነው። በዚህ ክሎሪንን ይመስላል። ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚያወጣው ኃይል ግን 0.75 ብቻ ነው፤ ክሎሪን 3.6፣ ሶዲየም 0.55። በዚህ ደግሞ ሶዲየምን ይመስላል። የሳይንስ ፈላስፋው ኤሪክ ሼሪ በአንድ ወቅት የዶበራይነርን ሦስትዮሽ በአቶማዊ ቁጥር አድሰው፣ 1፣ 9 እና 17 ሙሉ ሦስትዮሽ ስለሚሠሩ ሃይድሮጅን ከፍሎሪንና ከክሎሪን ጋር ይሁን ብለው ነበር። ሐሳቡ ውበት አለው፤ ሆኖም የቁጥር መገጣጠም ለዝምድና ማስረጃ የሚሆንበትን ምክንያት የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ከጀርባው የለም። ሃይድሮጅንን ብቻውን የሚተዉት የቸገራቸው ሊመስሉ ይችላሉ፤ በጠባይ ለሚመዝን ሰው ግን ከሁሉም ሐቀኛው አቀማመጥ የእነሱ ነው።

ሂሊየም ጉዳዩን በሌላ ጎን ያመጣዋል። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሲታይ ብረታ ብረት ነው ተብሎ ስለተገመተ ስሙ እንደ ሶዲየምና ካልሲየም በ«የም» ያልቃል። ፈረንሳዊው ሻርል ጃኔ በ1928 ያወጣው ባለ ደረጃ ሠንጠረዥ አጥንትን ብቻ ተከትሎ ሂሊየምን ከቤሪሊየም በላይ አስቀመጠው። ሥርዓቱ እጅግ የተስተካከለ ነው፤ ረድፎቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል። ደጋፊዎቹ በየክፍሉ የመጀመሪያው አባል ከታናናሾቹ በእጅጉ ይለያል፣ በኤስ ክፍል ደግሞ ልዩነቱ ይበረታል፣ ስለዚህ ሂሊየም ቤሪሊየምን አለመምሰሉ ሊያስደንቅ አይገባም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ መልሳቸው አጭር ነው፦ ኤሌክትሮኑን ለመንቀል 24.6 ኤሌክትሮን ቮልት የሚጠይቅን ጋዝ 9.3 ከሚጠይቅ ብረታ ብረት ጋር ማስቀመጥ ሠንጠረዡ የተሠራበትን ዓላማ መርሳት ነው።

«ከማንም የማይዋሐድ» የሚለው መለያም ቢሆን ፍጹም እንዳልሆነ ኒል ባርትሌት በ1962 አሳይቷል። ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገው ኃይልና ለዜኖን የሚያስፈልገው እጅግ እንደሚቀራረቡ አስተውሎ፣ ኦክስጅንን ያሸነፈውን ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ በዜኖን ላይ ሞከረው፤ ውሕድ ተገኘ። ቤተሰቡ አልፈረሰም፤ መለያው ግን ተለወጠ።

ሦስተኛው ምድብ፦ ያልተዘጋው መዝገብ

ዛሬ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር የሦስተኛው ምድብ ነው። ከስካንዲየምና ከይትሪየም በታች ላንታነምና አክቲኒየም ይሁኑ ወይስ ሉቴሽየምና ሎረንሲየም? ሦስቱ የውጭ ኤሌክትሮኖች በላንታነምም በሉቴሽየምም እንደ ይትሪየም ናቸው፤ ልዩነቱ ሉቴሽየም ከሥራቸው የሞላ የኤፍ ሽፋን ያለው መሆኑ ነው።

የላንታነም ደጋፊዎች ላንታነም የኤፍ ኤሌክትሮን ስለሌለው በኤፍ ክፍል ሊቆጠር አይገባም ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ደካማ ነው፤ ቶሪየምም የለውም፣ ከኤፍ ክፍል ይውጣ የሚል ግን የለም። የተሻለው መከራከሪያቸው ከካልሲየም ወደ ባሪየም ያለው የመጠን ዕድገት በላንታነምና በአክቲኒየም መቀጠሉ ነው። የሉቴሽየም ደጋፊዎች፣ ከእነሱም በ1982 በጻፈው ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዊሊያም ጀንሰን፣ ዓይናቸው ወደ ቀኝ ነው፦ ከዚርኮኒየም ወደ ሃፍኒየም፣ ከኒዮቢየም ወደ ታንታለም ሲወረድ የሚታየው ሥርዓት ከይትሪየም ወደ ሉቴሽየም እንጂ ወደ ላንታነም አይታይም። የሶቪየት ፊዚክስ ሊቆቹ ላንዳውና ሊፍሺትዝም ከዚያ አስቀድመው በ1948 ሉቴሽየም ከብርቅዬ አፈሮች ጋር መቆጠሩን ነቅፈው ነበር።

በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ አንድ አቶም እያመነጩ የሎረንሲየምን ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገውን ኃይል ለኩ፤ 4.96 ኤሌክትሮን ቮልት ሆነ። ዝቅተኛነቱ የመጨረሻው ኤሌክትሮን በዲ ሳይሆን በፒ ሽፋን ነው ከሚለው ስሌት ጋር ይስማማል። ሁለቱም ወገኖች ውጤቱን የራሳቸው ምስክር አደረጉት። አንዱ ኤሌክትሮኑ በቀላሉ መነቀሉ የኤፍ ክፍል ከሎረንሲየም አስቀድሞ ማለቁን ያሳያል ሲል፣ ሌላው የዲ ኤሌክትሮን የሌለው አቶም በዲ ክፍል ምን ይሠራል ይላል። አንድ ልኬት ለሁለት ተቃራኒ ድምዳሜ ሲውል፣ የጎደለው ልኬት ሳይሆን ልኬቱ የሚዳኝበት መስፈርት መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

አዩፓክ ያቋቋመው ቡድን በ2021 ባወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት ይህንኑ አመነ። ጉዳዩን በማስረጃ ብቻ የሚቆርጥ ገለልተኛ መንገድ የለም ካለ በኋላ፣ ቁጥሮቹ ሳይዘሉ እንዲቀጥሉና የዲ ክፍል ለሁለት እንዳይሰነጠቅ ሲባል ሉቴሽየምን መረጠ። ይህ ስምምነት እንጂ ግኝት አይደለም፤ በግልጽ እንዲህ መባሉም የሪፖርቱ ትልቁ ቁም ነገር ነው።

ከባዶቹና ያልታየ ጠባይ

ግሌን ሲቦርግ በ1940ዎቹ አጋማሽ ቶሪየምን፣ ፕሮታክቲኒየምንና ዩራኒየምን ከሃፍኒየም፣ ከታንታለምና ከተንግስተን ሥር አንሥቶ አክቲናይድ በሚባል አዲስ ረድፍ ሲያሰልፋቸው፣ አሮጌው አቀማመጥ በጠባይ መመሳሰል የተደገፈ ነበር። ዩራኒየም በብዙ ውሕዶቹ ስድስት ኤሌክትሮን ያሳትፋል፤ እንደ ተንግስተን። እዚህ ላይ አጥንት መልክን አሸነፈ፤ ቀጥለው የተገኙት የአሜሪሲየምና የኩሪየም ጠባይ ለውጡን አጸናው።

ከ104ኛው ወዲያ ያለው ግን በጥንቃቄ መነገር አለበት። እምብርቱ ሲከብድ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ስለሚጠጋ የአንጻራዊነት ሕግ አደራደሩን ያዛባል። ወርቅ ቢጫ፣ ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆኑት በዚሁ የተነሣ ነው። ሃሲየም በ2001 እንደ ኦዝሚየም ተናኝ ኦክሳይድ ሠርቶ ለቤተሰቡ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። በ2007 ሁለት የኮፐርኒሲየም አቶሞች በወርቅ ላይ ያሳዩት ጠባይ ወደ ሜርኩሪ የቀረበ ነበር። ፍሌሮቪየም ግን ከእርሳስ በእጅጉ የበለጠ ተናኝ ነው።

በ2016 ለ117ኛውና ለ118ኛው ንጥረ ነገር ስም ሲወጣ አዩፓክ ለ17ኛው ምድብ በክሎሪንና በአዮዲን መጨረሻ ያለው «ኢን»፣ ለ18ኛው በኒዮንና በአርጎን መጨረሻ ያለው «ኦን» እንዲቀጥል ወሰነ፤ ቴነሲንና ኦጋነሶን ተባሉ። ኦጋነሶን በኖብል ጋዞች ዓምድ ሥር ተቀምጧል፤ ስሌቶች ግን በክፍል ሙቀት ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ሊሆን እንደሚችል፣ ከሌሎች ጋር ለመዋሐድም ከወንድሞቹ ይልቅ ፈቃደኛ እንደሚሆን ያሳያሉ። እስካሁን የተመረቱት አቶሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው። ነጠላ አቶሞችን በኬሚካዊ መንገድ ለመፈተን ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኦጋነሶን በቤተሰቡ መጨረሻ የተቀመጠው በአጥንቱ ብቻ ነው፤ መልኩን ያየ ሰው የለም።